ለቻሎም የተገዛ ሽሪምፕ

ላማይ በየማለዳው መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ቅርጫቱ ነው። ምግብ ቤቷ የቆመው ወንዙ ላይ በሚንሳፈፍ ርብራብ ላይ ነው። በወለሉ ጥግ ያለውን ሳንቃ ብድግ ሲያደርጉት፣ ከሥሩ ውሃው ውስጥ የተንጠለጠለ ሰፊ የቀርከሃ ቅርጫት አለ። ሽሪምፖቹ እዚያ ናቸው። እጇን እስከ ክርኗ ትነክርና አንድ በአንድ ትነካካቸዋለች። ሕያው ሽሪምፕ ሲነኩት በጭራው ውሃውን ይመታል፤ በረጃጅም ሰማያዊ ክንዶቹም ጣት ይቆነጥጣል። ያልቆነጠጣትን አውጥታ ወደ ወንዙ ትጥለዋለች። ይህን ሥራ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራው ባሏ ቻሎም ነበር። እሱ ከሞተ ዘጠና ስምንት ቀን ሆኖታል። በእነዚህ ቀናት ላማይ አንድም ማለዳ አላስታጎለችም። ጎረቤቱ ጠንካራ ሴት ናት ይላል። ጥንካሬ አልነበረም። እጇ ቀድሞ ይሄዳል፣ እሷም እጇን ትከተላለች፤ ይኸው ነው።

ላማይ የወንዝ ዳር ልጅ አይደለችም። የተወለደችው ከአዩታያ ከተማ ራቅ ብሎ፣ ከሩዝ በቀር ሌላ ነገር በማይታይበት ሜዳ ላይ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ከአክስቷ ጋር ቃሪያና ጠጅ ሣር በጀልባ ጭና ልትሸጥ ወደ ወንዙ ወረደች። ቻሎም ያን ጊዜ ትንፋሹን ይዞ እየጠለቀ፣ ከድልድዩ ምሰሶዎች ሥር ሽሪምፕ በእጁ የሚይዝ ጎረምሳ ነበር። ከውሃው ብቅ ብሎ የጀልባዋን ጠርዝ ያዘና ቃሪያውን አየት አደረገው።

"ይሄ የትናንት ነው" አላት።

"አንተስ? ከጭቃ ከወጣህ ስንት ቀንህ ነው?" አለችው።

ሳቀና ተመልሶ ጠለቀ። በዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ ተጋቡ።

መጀመሪያ የሚሸጡት ከጀልባ ላይ ነበር። እሱ ከፊት ከሰሉን ያራግባል፣ እሷ ከኋላ ትቀዝፋለች። ቀጥሎ ባሕር ዛፍ የመሰለ ረጅም ዛፍ ሥር ሦስት ጠረጴዛ ዘረጉ፤ ከዚያ ይህ ርብራብ ከነአሥራ አራት ጠረጴዛው መጣ። ልጅ አልወለዱም። ሥራውን ግን ተካፈሉት። ላማይ አምባዛውን በቅመም ትቀቅላለች። የቆሮሶውን ሆድ በጠጅ ሣር ሞልታ ከላይ በጨው ትለብጠዋለች። ማጥቀሻውንም የምትወቅጠው እሷ ናት፤ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የድንብላል ሥር፣ ሎሚ። ሽሪምፑን ግን ከቻሎም በቀር የሚነካው አልነበረም። ከራስ እስከ ጭራ ለሁለት ይሰነጥቀውና በቅርፊቱ በኩል ፍሙ ላይ ያስተኛዋል። ራሱ ውስጥ ያለው ስብ ብርቱካን መስሎ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ያነሣዋል። "ትንሽ ከቆየህ ይረጋል፣ ትንሽ ከቸኮልክ ውሃ ነው" ይል ነበር፤ ለማንም ሳይሆን ለራሱ። በመግቢያው ላይም በገዛ እጁ የጻፈውን ሰሌዳ ሰቅሏል፦ "ሞቶ የመጣ ወደዚህ ማድቤት አይገባም።" ከባንኮክ የሚመጡት እንግዶች ከሥሩ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ።

ኩላሊቱ ሲደክም ሐኪሞቹ ጨውም፣ ስብም፣ ሌላም ብዙ ነገር ከለከሉት። አንድ ከሰዓት በኋላ በሆስፒታሉ አልጋ ላይ እንደተጋደመ፣

"ላማይ፣ አንድ የሽሪምፕ ራስ ብቻ አምጪልኝ። ትኩስ ሩዝ ላይ ጨምቀሽ" አላት።

"ስትድን" አለችው።

"አንድ ብቻ።"

"ስትድን አልኩህ እኮ። ምን አስቸኮለህ?"

ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። አልተቆጣም። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ይህን ለማንም አልነገረችም። አስከሬኑ ከወንዙ ማዶ ባለው ገዳም ሲቃጠል አላለቀሰችም፤ በሰባተኛው ቀንም፣ በሃምሳኛውም አላለቀሰችም። ቀን ቀን ታበስላለች፣ ማታ ማታ ወለሉን ታጥባለች። ሰው ሲያነጋግራት ትመልሳለች። ሳቅ የሚያስፈልገው ወሬ ሲመጣም ትስቃለች።

አንድ ነገር ብቻ ወስና ነበር። እንደ አገሩ እምነት፣ ለመነኮሳት የተሰጠ ምግብ በረከቱ ስሙ ለተጠራው ሙት ይደርሳል፤ ለሙት የሚላክ ነገር ሌላ መንገድ የለውም። ስለዚህ በመቶኛው ቀን ያንን ራስ ለቻሎም ታደርሰዋለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላሰበችበትም።

ተዝካሩ ሁለት ቀን ሲቀረው የቻሎም ታላቅ እኅት ሱቺን መጣች። ሱቺን ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷ ግን ጤነኛ ነው። ወንበር ስባ ተቀመጠችና የቀረበላትን ቀዝቃዛ ውሃ ግማሹን ጠጣች።

"እህ፣ ለመነኮሳቱ ምን አሰብሽ?"

"ሽሪምፕ።"

"ከየት?"

ላማይ በእግሯ ጣት ሳንቃውን ነካ አደረገችው።

ሱቺን ብርጭቆዋን አስቀመጠች። "ከቅርጫቱ? ከነነፍሱ አውጥተሽ? አንቺ ሴትዮ፣ ምን ነክቶሻል!"

"እሱ የሚወደው ይሄን ነው፣ እትዬ።"

"የሚወደውን ለእኔ ትነግሪኛለሽ? አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ! ለመነኩሴ ብለሽ ነፍስ ታጠፊያለሽ? እሳቸውስ ለእሳቸው ተብሎ መሞቱን እያወቁ ይበሉታል? አይነኩትም። ኃጢአቱስ የማን ሊሆን ነው? በእሱ ስም የሞተ በእሱ ላይ ነው የሚጻፈው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰነጠቀው አንሶት ነው አሁን የምትጨምሪለት?"

"ተጠብሶ ነው የሚሄደው። ማን ያውቃል?"

"ማን ያውቃል ትለኛለች!" ሱቺን እጇን ወደ መግቢያው ወረወረች። "የገዳሙ አለቃ ጠዋት ጠዋት በጀልባ ምጽዋት ሲቀበሉ በማን ሰሌዳ ሥር ነው የሚያልፉት? ሞቶ የመጣ አይገባም ብላችሁ! ያውም በቀይ ቀለም! ከዚህ ማድቤት የሚወጣ ሁሉ እዚሁ እንደሚሞት የማያውቅ አለ? ወንድሜ እኮ በገዛ እጁ ነው በሩን የዘጋው።"

ላማይ ወደ ሰሌዳው ዞር ብላ አየች። ነገሩ የማታውቀው አልነበረም። ለመነኮሳት የሚሆን ሥጋም ዓሣም ከገበያ እንደሚገዛ፣ ለእነሱ ተብሎ ነፍስ እንደማይጠፋ ከልጅነቷ ታውቃለች። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ከሕያው ሽሪምፕ ጋር ስትኖር፣ ሌላ ዓይነት ሽሪምፕ መኖሩን ረስታለች።

"እና ምን ላድርግ?"

"እንደ ሰዉ ከገበያ ግዢያ። ከበረዶው ላይ።"

"ከበረዶው?"

"ከበረዶው።"

"እትዬ፣ እሱ እኮ ከበረዶ የወጣ ሽሪምፕ ለድመት እንኳ አይሰጥም ነበር።"

"እንግዲያው አምባዛ አድርጊለት። አምባዛሽን ይወደው ነበር።"

"አምባዛ አልጠየቀኝም።"

ሱቺን ቀና ብላ አየቻት። ላማይ ባዶውን ብርጭቆ አንሥታ ወደ ማድቤት ገባች።

በመቶኛው ቀን ገና ሲነጋጋ ላማይ ወደ ገበያው ሄደች። ኬሶን የምትባለው ዓሣ ሻጭ ከሩቅ አይታት ቢላዋዋን እንደያዘች ቀረች።

"ወይ ጉድ! የቻሎም ሚስት! መንገድ ጠፍቶሽ ነው?"

"ሽሪምፕ ፈልጌ ነው።"

"ከእኔ? ከሬሳ ሻጯ?" ይህን ስም ያወጣላት ቻሎም ነበር። ኬሶን ወደ ጎረቤቷ ዞር አለች። "ስሚ አንቺ፣ ዛሬ ጉድ ነው! ያ ባሏ እኮ እዚህ ሲደርስ አፍንጫውን ይዞ ነበር የሚያልፈው። ሃያ ዓመት! አንድ ቀን በሽቄ የዓሣ አንጀት ወርውሬበታለሁ።"

"ነግሮኛል" አለች ላማይ።

"ምን አለሽ?"

"አንጀቱም የቆየ ነበር አለኝ።"

ኬሶን ከት ብላ ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ ግን የላማይን ጥቁር ልብስ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ለመቶው ነው?"

"ለመቶው ነው።"

ኬሶን እጇን በሽርጧ ጠረገች። ከላይ የተደረደረውን ትታ ጎንበስ አለችና ከጠረጴዛው ሥር ሌላ ሳጥን ጎተተች። "የላዩን ተይው። እነዚህ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የገቡ ናቸው። ስቀበላቸውም እንዲሁ ነበሩ፤ ማንም ለማንም ብሎ አልገደላቸውም። አለቃው ከጠየቁሽ እንዲህ በያቸው።"

ላማይ አንዱን ሽሪምፕ በጢሙ አንሥታ አንጠለጠለችው። ራሱ ከአንገቱ ላልቶ ወደ ጎን ተንጋደደ። ቅርፊቱ ላይ የበረዶ ስብርባሪ ተጣብቋል። ጣቷን ወደ ክንዶቹ አስጠጋች፤ ምንም አልሆነም። እጇ እንደለመደው ሊወረውረው ወደ ኋላ ሄደ። ግን ገበያው ከወንዙ ይርቃል፤ ከኋላዋም ያለው ጎመን ሻጭ ነበር። እጇን መለሰችና ሽሪምፑን ዘንቢሏ ውስጥ አኖረችው። ከዚያ ሁለተኛውን። ከዚያ ሦስተኛውን። ሃያ ያህል ስትመርጥ ኬሶን ሳጥኑን ዘንበል አድርጋ ያዘችላት።

ቤቷ ተመልሳ ከሰሉን አያያዘች። ለሁለት ሰነጠቀቻቸውና በቅርፊታቸው በኩል ፍሙ ላይ አስተኛቻቸው። ራሳቸው ውስጥ ያለው ስብ ቀጥኗል፤ የአንዳንዱም ጠርዙ ጠቁሯል። ሲሞቅ አልተንቀጠቀጠም፤ እየፈሰሰ ከሰሉ ላይ ተንጫጫ። መቼ እንደምታነሣው የሚነግራት ነገር ስላልነበረ በግምት አነሣችው። ካሉት ሁሉ ስባቸው የተሻለውን ሰባቱን ለሰባቱ መነኮሳት ለየች፤ የቀሩትንም በሌላ ሳህን ያዘች። ሱቺን ሩዙንና አትክልቱን ይዛ መጣች፤ ሳህኑን አየችና ሩዙን ከጎኑ አኖረች። በጀልባ ተሻገሩ።

መነኮሳቱ ከቀትር በኋላ ስለማይበሉ ምሳው በጊዜ ቀረበ። አለቃው ጨርቃቸውን ከፊታቸው ዘረጉ፤ ሴት ለመነኩሴ ከእጅ ወደ እጅ አትሰጥምና ላማይ ሳህኑን በጨርቁ ጫፍ ላይ አኖረችው። አለቃው ሳህኑን አዩ። ከዚያ እሷን አዩ።

"ይህ ከየት ነው?"

"ከገበያ ነው፣ አባታችን። ከኬሶን።"

"ከበረዶ?"

"ከበረዶ።"

አለቃው ቻሎምን ከልጅነቱ ያውቁታል። ከንፈራቸው ጫፍ ላይ አንድ ነገር መጣና ተመለሰ። ዓይናቸውን ዝቅ አድርገው ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት። የሽሪምፑን ራስ ሩዙ ላይ በማንኪያ ጨምቀው በሉ። ላማይ በጉልበቷ ተቀምጣ እያንዳንዱን ጉርሻ ተከታተለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጨረሱት።

በጸሎቱ ጊዜ፣ በረከቱ ለሙቱ እንዲደርስ እንደሚደረገው፣ ከትንሽ የነሐስ ማንቆርቆሪያ ውሃ ቀስ እያለች ወደ ጎድጓዳ ሳህን አፈሰሰች። ሌላው ሰው በዚህ ሰዓት ለሙቱ ብዙ ይናገራል። እሷ ስሙን ጠራች፤ ከዚያ በልቧ፣ "ጥሩው አይደለም። የተፈቀደው ይሄ ነው። ብላ" አለችው። ውሃው አለቀ። ወጥታ ግቢው ውስጥ ካለ ዛፍ ሥር ደፋችው።

መነኮሳቱ ሲነሡ የተረፈውን ቤተሰቡ ይበላል። ሁለቱ ሴቶች ምንጣፉ ላይ ለብቻቸው ተቀመጡ። ሱቺን አንድ ራስ አንሥታ ላማይ ሩዝ ላይ ጨመቀችላት። ላማይ ጎረሰችና አኘከች።

"ሆስፒታል ሳለ ይሄን ጠይቆኝ ነበር" አለች።

ሱቺን ማንኪያዋን ያዝ አደረገች። "መቼ?"

"ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው።"

"ምን አልሽው?"

"ስትድን አልኩት።"

ሱቺን ማንኪያዋን ሳህኗ ጠርዝ ላይ አስቀመጠች። አንድ ዝንብ መጣ፤ በእጇ አባረረችው። እንደገና መጣ።

"እኔንም ጠይቆኝ ነበር" አለች በመጨረሻ። "ከአንቺ በፊት።"

"እርስዎንስ?"

"ላማይን ጠይቃት አልኩት።"

ላማይ ቀና አለች። ሱቺን ወደ እሷ አላየችም፤ በሻሿ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። አንዳቸውም ይቅርታ አልተባባሉም። ላማይ ሁለተኛ ጎረሰች። ስቡ ቀጭን ነው፤ ከኋላውም የረጋ ውሃ ጣዕም አለው።

"ደርሶታል ትያለሽ?" አለች ሱቺን።

"ደርሶት ከሆነ አሁን እየተሳደበ ነው።"

ሱቺን ያልጠበቀችው ሳቅ አመለጣት፤ ሩዙ ትን አላትና ሳለች፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። ላማይ ጀርባዋን መታ መታ አደረገችላትና ውሃ አቀበለቻት። የራሷ ዓይን ደረቅ ነበር።

"ይሳደብ" አለች ሱቺን ትንፋሿ ሲመለስ። "ሆዱ ሞልቶ ይሳደብ።"

ላማይ ራሷን ነቀነቀችና ሳህኖቹን መደራረብ ጀመረች።