ቤቱ ሙቀት ይይዛል?

ራሴ ያሠራሁት ቤት አንድ ቀን በብርድ ሊገድለኝ ነበር።

ያን ጊዜ የግንባታ ባለሙያ ነበርኩ። ብርዳማው ደጋ፣ ቀየት አካባቢ የተላክሁት ጓሳ ከሚባለው የሣር ሜዳ እየታጨደ ቤት የሚከደንበትን ሣር በቆርቆሮ፣ የድንጋዩን ግድግዳ ደግሞ በብሎኬት የሚተካ ናሙና ቤት እንዳሠራ ነው። አሠራሁና ለአካባቢው ገበሬ ለጋሽ ጌጤነህ ሰጠናቸው። በዓመቱ ደህንነቱን ልመረምር ቅጽ ይዤ ተመለስኩ። ገና ከበቅሎዬ ሳልወርድ ጎረቤቱ ሁሉ ከበበኝ።

“የእኛስ መቼ ነው የሚሠራልን?”

ደስታዬን መያዝ አቃተኝ።

ጋሽ ጌጤነህ አዲሱ ቤት ውስጥ አስቀመጡኝና “መጣሁ” ብለው ወጡ። ወዲያው ቅዝቃዜው አጥንቴን ይሰረስረው ጀመር። ጋቢዬን አጥብቄ ተከናነብኩ፤ እጆቼን ብብቴ ውስጥ ወሸቅኩ፤ ቁጭ ብድግ አልኩ፤ ግድግዳ ለግድግዳ ተመላለስኩ። በመስኮት ሳይ አሮጌው የሣር ቤታቸው ይጨሳል፤ የቤተሰቡ ሳቅም ይሰማል። ቅጹ ላይ የቀረኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ “ቤቱ ሙቀት ይይዛል?”

ሲመለሱ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ጠየቅኳቸው።

“ጋሼ፣ እርስዎ እዚህ ነው የሚያድሩት?”

“እኔ? ምነው ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?”

“ታዲያ ጎረቤቱ ሁሉ ሥራልን የሚለኝ ለምንድን ነው?”

የጓዳውን በር በኩራት ወለል አድርገው ከፈቱት። የታረደ በግ እንዳለ ተሰቅሏል።

“ካረድነው ዐሥር ቀኑ ነው፤ እስቲ አሽትተው!”