አስማረ በቅሎዋን የመረጠበት ዳገት

ከደጋው ግርጌ ያለውን ምሽግ እንድንለቅ ትእዛዝ የደረሰን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ጉም ነበር። ጉሙ ሳይገፈፍ ዳገቱን ወጥተን መጨረስ ነበረብን።

በጦሩ ውስጥ ቁስለኛ አካሚዋ እኔ ነበርሁ። ሁለት ቁስለኞች ነበሩን። ይርጋ ሆዱን ተመትቷል። ጥይት የምትጭነውን በቅሎ የሚነዳው አስማረ በሞርታር ፍንጣሪ ሁለት ዓይኖቹን አጥቷል። ያለን ቃሬዛ አንድ ስለሆነ ይርጋን አስተኛንበት።

«አስማረን ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይያዘው» አለ መቶ አለቃው።

«አይሆንም» አለ አስማረ። «አንድ ሰው የበቅሎዋን ልጓም ይሳብ፤ እኔ ጭራዋን ይዤ እወጣለሁ። እግሬ ደህና ነው፤ የጠፋው ዓይኔ ነው።»

«ወታደር የበቅሎ ጭራ ይዞ?»

«ባላገር ዳገት የሚወጣው በምን ሆነና!»

«ብትረግጥህስ?»

«እኔን እስከ ዛሬ ረግጣኝ አታውቅም። እርስዎን እንጃ።»

ሳቅን። መቶ አለቃው አልሳቀም፤ ግን «ይሁን» አለ።

መንገዱ አንድ ሰው ብቻ ያሳልፋል፤ በስተቀኙ ገደል ነው። መሐሉ ላይ ስንደርስ ታደሰ የሚባል ጓዳችን አዝኖለት ከኋላ ክንዱን ያዘው። አስማረ ደንግጦ ጭራውን ለቀቀ። አንድ እግሩ ከመንገዱ ወጣ። ድንጋይ ተንከባለለ። ከታች መትረየስ አጓራ። ሁላችንም ተኛን።

«ታዴ፣ ልቀቀኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ደግነትህ ገደል ሊከተኝ ነው።»

«ምነው፣ ልርዳህ ብዬ እኮ ነው።»

«መጀመሪያ ጠይቀኛ!»

ተኩሱ በረድ ሲል ታደሰ «እሺ፣ ምን ላድርግ?» አለው።

«ጭራዋን አስጨብጠኝ። ከዚያ ዝም ብለህ ተከተለኝ።»

ረፋዱ ላይ ደጋው ላይ ነበርን። አስማረ በእግሩ ወጣ። ይርጋ ግን ቃሬዛው ላይ ሞተ። ምሽጉ ውስጥ ሞተው ልናወጣቸው ካልቻልናቸው ከአራት ጓዶቻችን ጋር አምስት ሰው አጣን።

አስማረን በኋላ አገባሁት፤ አዘዞ ቤት ተከራይተን ኖርን። ሻዩን ራሱ ይቀዳ ነበር፤ ቢፈስም «ልቀዳልህ» ሲሉት አይወድም። ዕቃ ከቦታው ሳነሳ እነግረው ነበር። አራዳ ገበያ ሲሄድ ሰው ሳይጠይቀው እጁን ይዞ አስፋልት ያሻግረው ነበር። «እኔ ማዶ ምን አለኝ?» ይልና ይመለሳል።

ዘንድሮ ክረምት ሲገባ በሳንባ በሽታ ሞተ። ለቅሶ የደረሱ ጎረቤቶች «ተገላገለ፤ ከጨለማ ዐረፈ» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነው፤ አልተቀየምኋቸውም።

«መኖር ይፈልግ ነበር» አልኋቸው።