ወላጅ ለመጥራት የላክሁት ሽማግሌ

ባለፈው ሳምንት ከልጄ ትምህርት ቤት ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። የወላጆች የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ከገባሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ ድምፁን የዘጋሁት ግን በሦስተኛው ቀን ነው። ያን ቀን ለምን እንደከፈትሁት እንጃ። የክፍሉ ኃላፊ፣ ገና ለጋ መምህር፣ ለስብሰባ የመጡት ሦስት ወላጆች ብቻ እንደነበሩ ከነገረን በኋላ «ወላጆች ለልጆቻችሁ ግድ የላችሁም» ብሎ ደምድሟል። ተናደድሁ። ወዲያው ደግሞ ሳቄ መጣ፤ እኔም በሃያ ሁለት ዓመቴ ይህንኑ ቃል ብዬው ነበርና።

በጋሪ ፈረስ ኮቴ ድምፅ ያደግሁ የዳንግላ ልጅ ነኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተመደብሁት ከቆሰበር ወጣ ብሎ፣ ዘንገና አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ነበር። የአገሩን ቋንቋ፣ አውኚን፣ አልችልም፤ ከሰላምታ አላልፍም። ጠዋት ጭጋጉ ከቀርከሃው አጥር ላይ ሳይነሣ የሚደርሱት ተማሪዎች በነጠላ ጫፍ ቋጥረው የሚያመጡት ቅቅል ድንች ገና ትኩስ ነበር። ከዚያ ድንች ስንቱን እንደበላሁ ቤቱ ይቁጠረው።

ግንቦት ላይ ርእሰ መምህሩ በስም ብቻ የነበረውን የወላጅና መምህር ኅብረት እንዳነቃቃ አዘዘኝ። እኔም ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ «ወላጅ ይዘህ ና»፣ «ወላጅ ይዘሽ ነይ» የሚል ወረቀት ጽፌ አደልሁ። በአገራችን የተማረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ይህ ግብዣ አይደለም። ወላጅ የሚጠራበት መስኮት የሰበረ ወይም የተደባደበ ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ ሁለት ጊዜ ተጠርቶብኛል፤ ግን ጠመኔ ሲይዙ ተማሪነት ቶሎ ይረሳል።

በቀጠሮው ቀን አራት ወላጆች መጡ፤ አራቱም ገና ከበሩ «ይቅር በሉት» እያሉ። «ግድ የላቸውም» ያልሁት ያኔ ነው። ከማግስቱ ጀምሮ ደግሞ ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣው እናትነሽ ቀረች። ሳምንት አለፈ። ፈተናው አንድ ወር ቀርቶታል። ጓደኛዋን ብጠይቃት፦

«ወረቀቱን ለአባቷ ያነበበችው ራሷ ናት። ጥፋትሽን ካልተናገርሽ አትሄጂም አሏት። እሷ ደግሞ የምትናገረው የላትም» አለችኝ።

ልጅቷን ከትምህርት ያስቀረኋት እኔ ነኝ። የትምህርት ቤቱን ዘበኛ አያ ቢተውን ባማክራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ትልቅ ሰው በወረቀት፣ ያውም በልጁ እጅ አይጠራም፣ መምህር። ሰው ይላክበታል እንጂ።»

ቀኑን የመረጡት እሳቸው ናቸው፤ ሞፈር የማይነካበት የሚካኤል ዕለት። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታቸውን አስከትለው፣ ሁለቱም ጋቢያቸውን ደርበው፣ እኔ ያለችኝን አንዲት ኮት ለብሼ ሄድን። መንገዱ የመጀመሪያው ዝናብ ያራሰው ጭቃ ነበር፤ ጫማዬን በሣር እየጠረግሁ የምናገረውን አሰላስላለሁ። ስለ ትምህርት ጥቅም ረጅም ንግግር አዘጋጅቼ ነበር።

የእናትነሽ አባት አቶ ፈንቴ በፈገግታ ተቀበሉን። መደቡ ላይ አጎዛ ተነጠፈ። «ግቡ፣ ተቀመጡ!» አሉ። አያ ቢተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሽምግልና ሲላኩ የኖሩ ሰው ናቸውና አፋቸው የለመደውን ተናገረ፤ ጎንበስ ብለው፦

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም።»

ይህ ደግሞ ልጅ ለጋብቻ የሚጠይቅ ሽማግሌ የሚለው ቃል ነው። አቶ ፈንቴ ሁለቱን ጋቢዎች አዩ። ቀጥለው የእኔን ኮት አዩ። ከዚያ በአውኚ ብዙ ተናገሩ። እኔ ምንም አልገባኝም፤ ለጨዋነት ብዬ ፈገግ እያልሁ ራሴን እነቀንቃለሁ። የባሰ አበገንኋቸው መሰለኝ፣ ዱላቸውን አንሥተው በአማርኛ መጡብኝ።

«ለካ ጥፋቷ ይኸ ነው! እኔ የላክኋት ፊደል እንድትቆጥር እንጂ ሚስት እንድትሆንህ አይደለም! እኔ ስሜን መጻፍ ሳልታደል የቀረሁ ሰው ነኝ። እሷ ግን ትማራለች፤ አንተ ባትወድም ትማራለች!»

«ኧረ በሚካኤል!» አሉ አያ ቢተው፣ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው። «ለጋብቻ አይደለም! ለትምህርት ነው!»

እስኪግባቡ ጊዜ ወሰደ። መጀመሪያ የሳቁት ጓዳ የነበሩት የእናትነሽ እናት ናቸው። አቶ ፈንቴ ግን አልሳቁም፤ ዱላውን አስቀምጠው አተኩረው አዩኝ።

«ጥፋት ከሌለ ታዲያ ለምን ጠራኸኝ?»

ያዘጋጀሁትን ንግግር ተውሁት። ስለ ትምህርት ዱላ ላነሣ ሰው ስለ ትምህርት ጥቅም ምን ብዬ ልንገረው? አፈርሁ። «ላማክርዎ ነው» አልሁ፤ የምጠይቀው ሲጠፋኝም ወዲያው አፌ ላይ የመጣውን ጠየቅኋቸው፦ «ከወንዝ ማዶ ያሉት ልጆች ዝናብ ሲጥል ለምን ይቀራሉ?»

«መሻገሪያ የላቸውም። ትንንሾቹን ውኃው ይጥላቸዋል።»

«ምን ይሻላል?»

«እንጨት ሞልቶናል፤ ጉልበትም አለን» አሉ። «ማን ጠየቀን?»

እናትነሽ በማግስቱ ክፍል ገባች፤ ፈተናውንም አለፈች። መሻገሪያው ከሰኔ በፊት ተሠራ። ኅብረቱን የመሩት አቶ ፈንቴ ነበሩ፤ ስብሰባው ሁልጊዜ በበዓል ቀን፣ ጥሪውም በሰው ሆነ። ተላኪዎቹ አጥር ላይ ሲደርሱ ከሰላምታ በፊት «ለጋብቻ አይደለም!» ብለው ይጮኹ ነበር።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ትዝ ሲለኝ ስልኬን አስቀመጥሁ። በማግስቱ ማንም ሳይጠራኝ የልጄ ትምህርት ቤት ሄድሁ። ወጣቱ መምህር ደብተር ሲያርም አገኘሁት። ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሣ፤ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ምን አጠፋሁ ጋሼ? ቅሬታ አለዎት?»

መምህራንም ወላጅን ይፈራሉ ለካ! በዚያ ዕድሜዬ እኔም ወላጆችን ፈርቼ ኖሯል፤ እነሱን መናቄ ይመስለኝ የነበረው ፍርሃቴ ነው።

«ኧረ የለኝም» አልሁት። «ስለ ልጄ እንድታጫውተኝ ነው የመጣሁት።»

ጥቂት ተጠራጠረና ወንበር ሳበልኝ። ከዚያ ይነግረኝ ጀመር። ግማሹን አላውቀውም ነበር።