የያለምዘውድ ደሴትና የሕሩይ ርካሽ ባሕር

ሕሩይ ገሰሰን በሩቅ የሚያውቀው ሰው ቆጣቢ ይለዋል። እኔ ከተማሪነታችን ጀምሮ ስለማውቀው ገብጋባ እለዋለሁ። ፊት ለፊትም ብዬዋለሁ፤ ይስቃል እንጂ አይቀየምም። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ እዚህ ፍራንክፈርት፣ ኒደርራድ ሰፈር፣ ሊዮነር ሽትራሰ ላይ በአንድ የመሐንዲሶች ቢሮ የሕንፃ ማሞቂያና የውሃ መስመር ሲነድፍ ኖሯል። ደመወዙ ደህና ነበር፤ ጡረታውም ደህና ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰፈሩ ከጊንሃይም ተነስቶ እኔ ሰፈር ቦርንሃይም ድረስ የሚመጣው ናፍቄው እንዳይመስላችሁ። በርገር ሽትራሰ ላይ የትናንት ዳቦ በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ ዳቦ ቤት አለ። ዳቦውን ይገዛና እግረ መንገዱን እኔን፣ ተገኝን፣ ይጠይቀኛል።

ሚስቱ ያለምዘውድ ሌላ ፍጥረት ናት። እሱ ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ ሲነድፍ፣ እሷ እዚያው መንገድ ላይ ጥቂት ሕንፃዎች አለፍ ብሎ ቢሮ ታጸዳ ነበር። ሳይነጋ ትወጣለች፤ ሠራተኞቹ ከመግባታቸው በፊት ጨርሳ ትመለሳለች። ስታወራ እጇም አብሮ ያወራል፤ ስትስቅ ጎረቤት ይሰማል። ጀርመንኛዋ ለገበያና ለትራም የሚበቃ ነው። ሐኪም ቤት ወይም የመንግሥት ቢሮ ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ሲኖራት ግን ሕሩይ አብሯት ይሄድና ያስተረጉማል። ሐኪሙ ሲናገር እሷ ዓይን ዓይኑን እያየች «ያ፣ ያ»፣ አዎ አዎ፣ ትላለች፤ ምን እንደተባለ የምታውቀው ከዚያ በኋላ በሕሩይ አፍ ነው። ትዳራቸው በሙሉ እንደዚህ ነው የኖረው፤ አንድም ቀን ተጠራጥራው አታውቅም።

የያለምዘውድ ምኞት አንድ ነበር፤ ደሴት ላይ መኖር።

ያደገችው ባሕር ዳር ነው። ከሰፈራቸው ወደ ሐይቁ ወረድ ሲሉ ክብራን ገብርኤል ይታያል። ደሴት ላይ ያለ፣ ሴት የማይገባበት ገዳም ነው። አባቷና ወንድሞቿ በታንኳ ተሻግረው ተሳልመው እስኪመለሱ እሷና እናቷ ዳር ቆመው ይጠብቃሉ። «ደሴት ማለት ለእኔ የወንዶች ነገር ነበር» ትላለች። ከስንት ዓመት ውትወታ በኋላ ሕሩይ አንድ ጊዜ ላ ፓልማ ወሰዳት፤ የስፔን ደሴት ናት፣ አትላንቲክ ላይ። ርካሽ ትኬት አገኘሁ ብሎ እየተደሰተ ሲገዛ፣ ሳምንቱ የዐቢይ ጾም መሆኑን ልብ አላለም። ያለምዘውድ ደግሞ በጾም ዓሣ ከማይነኩት ወገን ናት። እሱ ወደብ ዳር የተጠበሰ ዓሣ ሲበላ እሷ ድንች በቲማቲም ስትበላ ሰነበተች። ስትመለስ በቁጣ የምትጮህ መስሎኝ ነበር። ፊቷ ግን በርቷል። «ተገኝ፣ ደሴት ረገጥኩ እኮ!» አለችኝ። «ማንም ወዲያ በይ ያለኝ የለም።»

ከዚያ ወዲህ ቤታቸው ውስጥ ሌላ ጨዋታ ጠፋ። ሕሩይ ነገሩን እንደ መሐንዲስ ያዘው። ደሴት ላይ ምስማሩም ወተቱም በመርከብ ነው የሚመጣው ይላል፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር ይወደዳል። ቤቱ ጠባብ፣ ኪራዩ ሰማይ። ሕመም ከጠና ታካሚው በአውሮፕላን ተጭኖ ነው የሚሄደው። ባሕር ከሆነ የተፈለገው፣ ባሕር ርካሽ ቦታም አለ። እሱ የቆረጠው ለቡልጋሪያዋ ቫርና ነበር። በላ ፓልማ ኪራይ እዚያ ሰፊ ቤት ይገኛል፤ ሐኪም ቤቱ ቅርብ ነው፤ ጀርመንኛ የሚችልም አይጠፋም።

«ምን ባሕር ነው ያልከኝ?» ትለዋለች፣ እያወቀች።

«ጥቁር ባሕር።»

«ስሙ ራሱ ጥቁር! ሰው ለቅሶ ሊደርስ ካልሆነ ምን ሊሠራ ይሄዳል?»

እኔ በመካከል ዳኛ ሆኜ እቀመጣለሁ። ላይፕሲግ የምትኖረው ልጃቸው ዳኒኤላ በየጊዜው የሚከራዩ ቤቶችን ፎቶ ትልክላቸዋለች፤ ስልክ ደውላም በጀርመንኛ ትጮህባቸዋለች። «ፓፓ፣ ማኽት ዶኽ አይንፋኽ!» ዝም ብላችሁ ሂዱ በቃ ማለቷ ነው። ሕሩይ «እናስብበት» ይላል። የሕሩይ «እናስብበት» እንቢ ማለት እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን። እውነቱን ለመናገር ክርክሩን እንወደው ነበር። ባይሄዱም እንኳ ደሴቱ ቤታቸው ውስጥ ነበረ።

አምና በፋሲካ ሰሞን ያለምዘውድ መክሳት ጀመረች። እኛ ጾሙ ነው ብለን አለፍነው። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ግን ምግብ አስጠላት፤ ሆዷን ወደ ጀርባዋ ዘልቆ ያማት ጀመር። ምርመራ ላይ ምርመራ ተደረገላት። ውጤቱ በሚነገርበት ቀን በመኪናዬ ወሰድኳቸው። ዕድሜ ልኬን ታክሲ ነድቻለሁና ለሐኪም ቤት የሚጠሩት እኔን ነው። ከገቡ በኋላ ኮሪደር ላይ ጠበቅኳቸው። ሲወጡ ያለምዘውድ እየሳቀች «ቆሽቴ ቆስሎ ነው አሉ፤ መድኃኒት አዘውልኛል» አለችና ወደ ሽንት ቤት ሄደች። ሕሩይ አጠገቤ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መስሏል።

ሐኪሟ የተናገረችውን በሹክሹክታ ነገረኝ። ካንሰር ነው፤ ጉበቷም ላይ ደርሷል። ቀዶ ጥገና አይሆንም፤ ሕመሟን ማስታገስ ብቻ ነው የሚቻለው። ሐኪሟ ዓይኗን ከያለምዘውድ ላይ ሳትነቅል፣ በሐኪሞች ቃል እየተጠነቀቀች ነው የተናገረችው፤ ያለምዘውድም እንደ ልማዷ «ያ፣ ያ» አለች። ከዚያ ሐኪሟ ወደ እሱ ዞራ አንድ ነገር ጨመረች። «አሁን አቅም አላት። መጓዝ ትችላለች። የምትፈልገው ነገር ካለ፣ ማየት የምትፈልገው ቦታ ካለ፣ አሁኑኑ አድርጉት። ለበረዶው ወራት ማረጋገጫ ልሰጣችሁ አልችልም።»

«ይህንንስ ምን ብለህ ተረጎምክላት?» አልኩት።

«ዕረፍት አድርጊ ተብለሻል አልኳት።»

ተናደድኩ። ሐኪም ቤት ባይሆን ኖሮ እጮህበት ነበር። ግን ሕሩይ ያደረገው የሁላችንም አባትና እናት የሚያደርጉትን ነው። እኛ ዘንድ ለታማሚ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። ቤተሰቡ ተደብቆ ያለቅሳል፤ ዓይኑን ታጥቦ ይገባና «ደህና ነሽ እኮ፣ ፊትሽ ተመልሷል» ይላል። መርዶ ሲሆንማ እዚህ ፍራንክፈርት ውስጥ እንኳ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ በር ያንኳኳል እንጂ በስልክ አይነገርም። በዚያ ሰዓት የበር ደወል ከተደወለ ማን እንደሞተብን ነው የማናውቀው እንጂ ሰው መሞቱን እናውቃለን። ደግነት ነው፤ ከልብ የሆነ ደግነት። ያን ቀን ግን ደግነቱን ጠላሁት።

«ንገራት» አልኩት። «ካልሆነም ምክንያት ፍጠርና ላ ፓልማ ውሰዳት።»

«እንዴት ብዬ?» አለ። «ዛሬ ተነስቼ እሺ እንሂድ ብላት አታውቅም?»

ልክ ነበር። ያ ሁሉ ዓመት እንቢ ሲል የኖረ ሰው በአንድ ቀን እሺ ካለ፣ ያለምዘውድ ሞኝ አይደለችም። ገብጋባነቱ ራሱን ጠልፎ ጣለው። የምትወደው ቦታ እንዳይወስዳት የሚከለክለው ገንዘብ ሳይሆን፣ ምስጢሩ ሆነ። እንዳትጠረጥር ደግሞ እንደ ድሮው መከራከር ነበረበት፤ እንዲያውም ከድሮው አብልጦ።

ግንቦት እንዲህ አለፈ። እሷ ሶፋው ላይ ትራስ ተደግፋ ስለ ላ ፓልማ ታወራለች፤ እሱ ስለ ቫርና። ባለ ሁለት መኝታ ቤት አሳያት። ሊፍት አለው አላት። ቫርና ከተማ መሐል ስላለው መናፈሻ አወራላት፤ በአራተኛው ዓመት ኪራዩ ስንት እንደሚደርስ ሳይቀር ነገራት። አራተኛ ዓመት! እኔ ተነስቼ ውሃ ልጠጣ ብዬ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ። ሰው እንደዚህ ሲዋሽ መስማት ያማል፤ ውሸቱን ያወቀው ደግሞ አንድ እኔ ብቻ ነኝ። ለዳኒኤላ እንኳ አልነገራትም። «እሷ ጀርመን ናት፣ ቀጥታ ነው የምትነግራት» አለኝ።

አንድ ቀን ሕሩይ ለመድኃኒት ወጣ ሲል ያለምዘውድ አለቀሰች። ስታለቅስ ያየኋት የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«ሰው ሲያረጅ እጁ ይፈታል ይባላል» አለችኝ። «የሱ ባሰበት። እንዲህ ታምሜ እያየኝ እንኳ አንድ ጊዜ እሺ አይለኝም። ሠላሳ ዓመት የሰው ቢሮ የጠረግኩት እዚህ ሶፋ ላይ ልቀር ነው?»

አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን በባልና ሚስት መካከል፣ ያውም በእንዲህ ያለ ነገር፣ እኔ ማን ነኝ? «ሕሩይን አታውቂውም? ገብጋባነቱ ይሻለዋል» ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀችም።

ሕሩይ ቅዳሜ ቅዳሜ ቦርንሃይም መምጣቱን ተወ። እኔ ነበርኩ የምሄደው። ያን ሰሞን ከሷ ይልቅ እሱ የታመመ ይመስል ነበር። አሳንሰሩ ውስጥ እስከ ታች ይሸኘኝና ይመለሳል። ስስታም እየተባለ፣ እየተሰደበ፣ ልቧ እየሻከረበት ዝም አለ። ብትጠላውም እንዳትፈራ ፈልጎ ነው። ይህን ያህል የወደዳት መሆኑን የማታውቀው ደግሞ ራሷ ናት።

ሐምሌ ላይ ያለምዘውድ ከሶፋው ብድግ ለማለት እጅ የምትፈልግ ሆነች። ዓይኗ ቢጫ ሆኗል። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ተቀምጠን ሳለ ዳኒኤላ አዲስ ፎቶ ላከች። ላ ፓልማ ላይ፣ ባልኮን ያለው ትንሽ ቤት፤ ከባልኮኑ በታች ባሕሩ ይታያል። ያለምዘውድ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ ብዙ አየችው። ለክርክር የሚሆን ጉልበት አልነበራትም፤ ስክሪኑን ወደ ሕሩይ አዞረችው ብቻ።

ሕሩይ ፎቶውን አየው። ከዚያ እሷን አያት። ምን እንደሆነ አላውቅም፣ እንደ ልማዱ መከራከር አልቻለም።

«ቆንጆ ነው» አለ። «እንከራየው።»

ያለምዘውድ ቀና ብላ አየችው።

«ኪራዩን አይተኸዋል?» አለችው ቀስ ብላ።

«አይቻለሁ።»

«ሁሉም ነገር በመርከብ ነው የሚመጣው ስትል አልነበር?»

«ይምጣ። አንቺ ከወደድሽው ምን ቸገረኝ?»

ያለምዘውድ ላፕቶፑን ከደነችው። ከጭኗ አንስታ አጠገቧ አስቀመጠችው። ፊቷ ላይ ደስታ የለም፤ ቁጣም የለም። አንድ ነገር ደርሳበታለች።

«ሕሩይ» አለች። «ሐኪሟ ምንድን ነው ያለችህ?»

«ነገርኩሽ እኮ፣ ቆሽትሽ...»

«እሱን አይደለም።»

ሕሩይ አፉን ከፈተ። ያን ያህል ዓመት ሲያስተረጉምላት የኖረ ሰው ቃል ጠፋው። መሬት መሬት እያየ ማልቀስ ጀመረ። እሷ አላለቀሰችም። እስኪበቃው ጠበቀችው።

«መቼ ነው የነገረችህ?»

«የዚያን ለት። ተገኝ ሐኪም ቤት የወሰደን ለት።»

«ያን ጊዜ በእግሬ እሄድ ነበር» አለች። ያን ሰሞን ከአንዲት ጎረቤቷ ጋር ገበያ ወጥታ እንደነበር አስታወሰች፤ ለራሷ ነው የምትናገረው። ቀጥላ «አውሮፕላን መሳፈር እችል ነበር?» አለችው።

ሊዋሽ ይችል ነበር። አልዋሸም። «ትችያለሽ ብላ ነበር» አላት። «አሁኑኑ ሂዱ ብላ ነበር።»

«አንተ ግን ስለ ቫርና አወራህልኝ።»

«እንዳትፈሪ ብዬ ነው፣ ያለሜ። እሺ ካልኩሽ ታውቂብኛለሽ ብዬ።»

«አውቅ ነበር» አለች። «አውቄ እሄድ ነበር።»

ሕሩይ ሊይዛት እጁን ዘረጋ። አልገፋችውም፤ አልያዘችውምም። እጁ እዚያው ሶፋው ላይ ቀረ። ስልኳን እንዳቀብላት ጠየቀችኝና አቀበልኳት። ላይፕሲግ ደውላ ዳኒኤላን «ነይ» አለቻት፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች።

«ከእንግዲህ ለቴርሚን ስሄድ ዳኒኤላ ትገባለች» አለችው። «አንተ ውጪ ጠብቅ።»

«እሺ» አለ ሕሩይ።

መስከረም ላይ እስክትሞት ድረስ ሐኪም ቤት በሄደች ቁጥር አብሯት ሄዷል፤ በሩ ሲከፈትላት ግን ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ይላል።