ሸሚዝ የለበሰው ብሎን

አጎቴ ድሮ ከገበታ የሚነሣው መጨረሻ ላይ ነበር። ሐርጌሳ ውስጥ ወንዶች ሩዝና ሥጋ የሚበሉት ከአንድ ትልቅ ሰሃን ነው። የታች መንጋጋ ጥርሶቹ ከግራም ከቀኝም ከተነቀሉ ወዲህ ግን ሁለቴ ጎርሶ «አልሐምዱሊላህ፣ ጠገብኩ» ብሎ ይነሣል። ከዚያ ኮድቡር ሰፈር ከክሊኒኬ ጀርባ ወዳለው ቤቴ መጥቶ፣ ተደብቆ ሩዝ በወተት ይበላል። በድሬዳዋና በበርበራ መካከል ከባድ መኪና እየነዳ አሳድጎ የጥርስ ሐኪም ያደረገኝ ሰው እንዲህ ሲሆን አንጀቴን ይበላው ነበር።

ልጁ ልታገባ ስትል፣ «አብቲ፣ ለሠርጉ ጥርስ ትከዪልኝ፤ እዚያ ሰሃን ላይ እንደ ሰው ልቀመጥ» አለኝ። በሶማሊ ወግ አጎትና የእህት ልጅ አብቲ ይባባላሉ። አንቱታውን ደግሞ እንደ እኔ ድሬዳዋ ያደገ ሰው ከየት ያመጣዋል?

ሁለት ኢምፕላንት አሳየሁት፤ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚቀበሩ ትንንሽ ብሎኖች ናቸው። አንዱ ከአጥንት ማዕድን ጋር የሚመሳሰል ነጭ ሽፋን አለው፤ ሌላው ሽፋን የለውም። ባለሽፋኑ አንድ ብቻ ነበር የቀረኝ።

«አጥንት ባለሽፋኑን ቶሎ ይለምደዋል፤ ሌላውንም ቀስ ብሎ ይይዘዋል። እስኪያዙ ግን ሁለቱም ዕረፍት ይፈልጋሉ» አልኩት።

«ይሄ እንኳን ሸሚዝ ለብሷል። ያ ምስኪን ግን ራቁቱን ነው» አለ።

ባለሸሚዙን በግራ፣ ራቁቱን በቀኝ ተከልኩለት። ጫት እንዳይቅምም ለመንኩት። «ኢንሻአላህ» አለ፤ እኔም ሞኟ አመንኩት።

ከወራት በኋላ መጣ። በመስታወቴ እጀታ ከድዱ ብቅ ያሉትን የብሎኖቹን ክዳኖች መታ መታ አደረግኩ። የቀኙ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ፤ የግራው ድፍን አለብኝ። አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ ጎማ በብረት እየመታ ያዳመጠ ሰው ነውና ሳልነግረው ገባው።

«ግራው ተንፍሷል» አለ።

«ጫት ቅመሃል?»

«ትንሽ። ግን በግራ ጉንጬ ብቻ! ራቁቱ አሳዘነኝ፤ ሸሚዝ የለበሰው ይችለዋል ብዬ ሁሉንም ወደ እሱ አዛወርኩት።»

ደሜ ፈላ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቄ አሸነፈኝ። ምን ሽፋን ቢኖረው፣ ሲነቀነቅ የከረመ ብሎን ዙሪያውን አጥንት ሳይሆን ለስላሳ ሥጋ ነው የሚበቅልበት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ! ያ እንደ አራስ የተጠበቀው ራቁቱ ግን አጥንቱ ግጥም አድርጎ ይዞታል።

ግራውን አወጣሁት። ቁስሉ ድኖ ሌላ እስኪተከልበት ሠርጉ አይጠብቅም። ቀኙ ላይ ጥርስ ገጠምኩለት።

«በአንድ በኩል ሠርግ ይበላል?» አለኝ፤ ድምፁ ሲፈራ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

«ቀስ ብለህ ብላ» አልኩት።

በሠርጉ ዕለት ከሴቶቹ ክፍል ወጥቼ ከወንዶቹ በሚለየን መጋረጃ ቀዳዳ አየሁት። ወንዶቹ አልሐምዱሊላህ እያሉ አንድ በአንድ ተነሡ፤ እጃቸውንም ታጠቡ። ሰሃኑ ላይ አጎቴ ብቻ ቀረ። የፍየል አጥንት በቀኝ በኩል ይዞ ይግጣል። ደስታዬ እንባ ሆኖ መጣ።

አስተናጋጁ ሰሃኑን ሊያነሣ ጎንበስ አለ። አጎቴ ቀና እንኳን ሳይል እጁን ያዘው።