በጀንፈል ጆንያ በኩል

ትናንት አማን ከተማ በአንድ የቡና መጋዘን በር ሳልፍ የጀንፈል ሽታ መታኝ። ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና ጣፋጭም ሻጋታም የሚመስል ሽታ አለው። ሸተተኝና ቅናቴ ተነሳብኝ። አትሳቂ ወዳጄ፤ ሌላው ሰው በሽታ እናቱን ያስታውሳል፣ እኔ የማስታውሰው የጎረቤታችንን ልጅ ነው።

ያኔ የምንኖረው ሚዛን ከተማ ነበር። የእኛንና የእነሱን ቤት የሚለየው አንድ የተሰነጣጠቀ የጭቃ ግድግዳ ነው። አባቴ ቡና ነጋዴ ስለነበር በለቀማ ወራት ጆንያውን በዚያ ግድግዳ ላይ እስከ ጣሪያው ይደረድረዋል። እኔና እሷ አንድ የቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ ነበርን፤ በዚያ ዓመት የገናን ሶሎ፣ ለብቻ የሚዘመረውን፣ ከሁለታችን አንዳችን እንደምንዘምር መሪያችን ነገረን። እንደዚያ ሶሎ የተመኘሁት ነገር የለም።

ከትምህርት ቤት ስንመለስ እሷ ማዶ ትለማመዳለች፣ እኔ ጆንያው ላይ ተደግፌ ጆሮዬን ጣል አደርጋለሁ። የሚመጣልኝ ቃል የሌለው፣ ከቀፎ የሚወጣ የሚመስል እምምታ ብቻ ነበር። ሆዴ ቅቤ ጠጣ።

«የሷ ጉሮሮማ ተዘግቷል» አልኳት እናቴን።

«ተይ ልጄ፣ የሰው ጉሮሮ አትለኪ።»

አልተውኩም። እሷ ዝም ስትል እኔ በተራዬ ጮክ ብዬ እዘምራለሁ፤ ሰምታ እርር ትበል ብዬ።

ሶሎ ዘማሪዋ በምትመረጥበት ዕለት ጠዋት የጭነት መኪና መጣ። ተሸካሚዎች ጆንያውን አውጥተው ሲጨርሱ ቤታችን ሰፋ፣ በአቧራው መሃል ከግድግዳው ስንጥቅ ብርሃን ገባ። ከብርሃኑ ጋር ድምፅዋ መጣ። ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ አንዲት ቃል ያልጎደለችው። ለካ ጆንያው ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ ውጦ እያስቀረ ወፍራሙን ብቻ ኖሯል የሚያሳልፍልኝ!

ሶሎው የእሷ ሆነ። ገና ዕለት ሰው ሁሉ በዝማሬዋ ሲያለቅስ እኔም ከኋላዋ ቆሜ አለቀስኩ፤ የእኔ ግን የንዴት ነበር።

ከዓመታት በኋላ አግብታ ወደ ቴፒ ስትሄድ መነኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። መኪናው ሊነሳ ሲል እጄን ያዘችኝ።

«ያን ዓመት እንዴት እንደቀናሁብሽ ብታውቂ!» አለችኝ።

«በእኔ? ምን አለኝና?»

«በግድግዳው በኩል ሲመጣ ድምፅሽ ወፍራም፣ ደግሞ የሚሞቅ ነበር። መዳፌን ግድግዳው ላይ አድርጌ ነበር የምሰማሽ። ኳየር ስንገባ ግን ያ ድምፅሽ የት እንደሚጠፋ አይገባኝም።»

ድምፄን ያወፈረውማ የአባቴ ቡና ነው ልላት ፈለግኩ፤ ግን መልካም መንገድ ብዬ እጇን ለቀቅኩ። መኪናው ሄደ።

ትናንት መጋዘኑ በር ላይ ቆሜ፣ ሰው አለመኖሩን አይቼ፣ አፌን ወደ አንዱ ጆንያ አስጠግቼ የዚያን ሶሎ መጀመሪያ በቀስታ ዘመርኩ። ያ እሷ የወደደችው ድምፄ ያለው ከጆንያው ወዲያ ነው፤ እኔ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። አሁን የምቀናው በጆሮዋ ነው።