ዳንቴል የለበሰው ኮምፒዩተር

ሙሉብርሃን የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ ነበር። አዲስ አበባ የኮምፒዩተር ጥገና ኮርስ ወስዶ ሲመለስ፣ ናዝሬት ያለው የመንግሥት ዘይት ፋብሪካ ያለውን አንድ ኮምፒዩተር አስረከበው። ኮምፒዩተሩ ለዓመት ያህል ያለ ችግር ሠራ። ጣጣው የመጣው ውስጡ የሚሰካ ተጨማሪ ሜሞሪ ካርድ ተልኮ፣ ሙሉብርሃን በገዛ እጁ ከገጠመው በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ኮምፒዩተሩ ጠዋት እንደ ወትሮው ይነሣል። ፀሐይ ስትከር ግን ስክሪኑ ድርቅ ይላል፣ ሲስተሙ ይወድቃል፣ የተጻፈው ሪፖርት ይጠፋል። ሙሉብርሃን ተጠርቶ ክዳኑን ከፍቶ ሲያየው ምንም አይልም። አብሮት ከዋለ ደህና ይውላል፤ ገጥሞት ሲሄድ ይሞታል።

የፋብሪካው ካድሬ ጓድ አብተው ይህን ልብ ብሎታል። አንድ ቀን ቢሮው አስጠርቶ በሩን ዘጋና፣ "አንተ ካለህ ይሠራል፣ ከሌለህ ይሞታል። እኛ ይኼን አሻጥር ነው የምንለው" አለው። የሙሉብርሃን ወንድም በሱዳን በኩል መኮብለሉንም ሳያነሣ አላለፈ። እስከ ሰኞ ካልተስተካከለ ጉዳዩ ወደ ደኅንነት ይሄዳል።

ሙሉብርሃን በበኩሉ ጸሐፊዋን ጥሩነሽን ጠረጠረ። ኮምፒዩተሩ ላይ የምትጽፈው እሷ፣ እሱ ሲወጣ የምትቀረውም እሷ። ጓድ አብተው ዘንድ ስትገባ ስትወጣም አይቷታል። እኔን አስይዛ እድገት ልታገኝ ይሆን?

ካርዱን ነቀለው፤ ኮምፒዩተሩ ደህና ዋለ። መልሶ ሰካው፤ ከሰዓት በኋላ ሞተ። ነገሩ ካርዱ ላይ ነው። ታዲያ ያው ካርድ እሱ ፊት ለምን አይበላሽም? ቅዳሜ ክዳኑን ገጥሞ የሚሄድ መስሎ ወጣና በኮሪደሩ መስኮት አጮለቀ።

ጥሩነሽ ከመሳቢያዋ ነጭ ዳንቴል አወጣች። አራግፋ ኮምፒዩተሩን ከኋላም ከጎንም አለበሰችው፤ ሰው ቤቱ ሬዲዮኑን እንደሚያለብሰው፣ ፊቱን ብቻ ገለጥ አድርጋ።

ሰዓት ያህል ቆይቶ ድንገት ተመልሶ ገባና መዳፉን ዳንቴሉ ሥር ሰደደ። የአየር መውጫው ታፍኖ ብረቱ ይፋጃል። ድሮ ይችለው ነበር፤ አዲሱ ካርድ የራሱን ሙቀት ጨመረበት።

"እኔ ስመጣ ለምን ታነሺዋለሽ?"

"እጅህ ቅባት አያጣውማ።"

"ማን አልብሺው አለሽ?"

"ጓድ አብተው ናቸዋ። የሕዝብ ንብረት አቧራ አይጠጣም ብለው ክሩንም የገዙልኝ እሳቸው ናቸው።"

ሙሉብርሃን እሑድን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ዋለ። ዳንቴሉ ነው ካለ፣ ወይ ካድሬውን ይከሳል፣ ወይ ካድሬው ጥሩነሽ ላይ ያላክካል። ሰኞ ጠዋት ጓድ አብተው ቢሮ ገብቶ፣ ካርዱ የናዝሬትን ሙቀት እንዳልቻለ፣ ኮምፒዩተሩ ሲሠራ ራቁቱን መዋል እንዳለበት ብቻ ተናገረ።

አብተው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ዳንቴሉስ?"

"ማታ፣ ሲጠፋ ይልበስ።"

"እና ጥፋቱን የማን ልበል?"

"የፀሐይዋ፣ ጓድ።"

አብተው አልሳቀም፤ ደኅንነት ለመደወል ስልኩንም አላነሣም። ኮምፒዩተሩ ዳግመኛ አልወደቀም።

ጥሩነሽ ግን ጓድ አብተው ቢሮ መግባቷን አልተወችም። ዳንቴሉ ተሠርቶ አልቋል። አሁን ለምን እንደምትገባ ሙሉብርሃን አልጠየቃትም፤ እሷ ባለችበት ስለ ወንድሙ ማውራት ግን ተወ።